ያ ልጅ የማን ነበር?

 

ዛሬ የምጽፍላችሁ አብዛኞቻችሁ ከመወለዳችሁ በፊት ስለታየ አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። «ይህ ደግሞ ለሙስሊም ማኅበር ገጽ ምን ይሠራል?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ጥቂት ታገሡኝ። መነሻዬ ኮሜዲው ቢሆንም ዋናው ጉዳይ ልጅ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ እኔ ራሴ በገዛ ቤቴ ለብዙ ዓመታት የተሳሳተ መልስ ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ እንደገባሁ አራት ሆነን አንድ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። ቀን እንግሊዝኛ እማራለሁ፣ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። እውነቱን ለመናገር ጆሮዬን የከፈተልኝ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ሰው ጥሎት ያነሳነው አሮጌ ቴሌቪዥን ነው። በድጋሚ ከሚተላለፉት የቆዩ ኮሜዲዎች መካከል «ዲፈረንት ስትሮክስ» የሚባለውን እንወደው ነበር። ከ1978 እስከ 1986 የተሠራ ነው። ከሃርለም የመጡ ሁለት ጥቁር ወንድማማቾችን አንድ የኒውዮርክ ባለጸጋ ነጭ ሰው ወስዶ ሲያሳድጋቸው ያሳያል። ታናሹ አርኖልድ ይባላል። እሱን ሆኖ የሚጫወተው ጋሪ ኮልማን ነበር፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ቁመቱ አጭር፣ አንደበቱ ግን የትልቅ ሰው። ታላቅ ወንድሙን ዓይኑን አፍጥጦ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ እሷን በተናገረ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እኛም ነገሩ በደንብ ሳይገባን አብረን እንስቅ ነበር።

በ1999 አንድ ሌሊት የሥራ ባልደረባዬ ጋዜጣ ይዞ መጣ። አርኖልድን ሆኖ የተጫወተው ያ ልጅ አድጎ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ ይሠራ እንደነበርና ፊርማህን ስጠኝ ብላ የጠየቀችውን ሴት መትቶ ፍርድ ቤት መቅረቡን የሚያወራ ዜና ነው። «እንኳን ወደኛ ሥራ በሰላም መጣህ!» አለ አንደኛው። ሁላችንም ሳቅን።

ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጎረበጠኝ። እኔ ካሸር ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው ወንድሜ ሴኩሪቲ ነው። ይህን ሥራ ሐላል ነው፣ የላባችን ነው ብለን ለቤተሰብ የምንልክ ሰዎች ነን። ታዲያ እሱ የእኛን ሥራ ሲሠራ «ወደቀ» ያልነው ለምንድን ነው? ለእኛ ክብር የሆነው ለእሱ እንዴት ውርደት ሆነ? ያኔ መልሱ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጄ ስታስተምረኝ ነው።

ከካሜራው ጀርባ የነበረው ልጅ

ጋሪ ኮልማን በ1968 በኢሊኖይ ግዛት ተወለደ። በጨቅላነቱ በማደጎ የወሰዱት ባልና ሚስት አሳደጉት። ሲወለድ ጀምሮ የኩላሊት በሽታ ነበረበት። በ1973 እና በ1984 ኩላሊት ተተከለለት፤ ሁለቱም አልዘለቁም። በሽታውና መድኃኒቱ እድገቱን ስለገቱት ቁመቱ ከ142 ሴንቲሜትር አላለፈም። ሰው የሚስቅለት ያ «ትንሽ ሆኖ እንደ ትልቅ የሚናገር ልጅ» ትንሽ የሆነው ታሞ ነበር ማለት ነው። ተመልካች ግን ዕድሜው ሲገፋም ያንኑ ትንሽ ልጅ ማየቱን ቀጠለ።

ድራማው ከፍተኛ ተወዳጅነት ላይ በነበረበት ጊዜ ለአንድ ክፍል እስከ 100,000 ዶላር ይከፈለው እንደነበር ይነገራል። በ1989 ጎልማሳ ሆኖ አሳዳጊ ወላጆቹንና የቀድሞ ሥራ አስኪያጁን ከሰሰ፤ በስሜ የተቀመጠውን ገንዘብ ያለአግባብ ወስደዋል አለ። በ1993 ፍርድ ቤቱ ወደ 1.28 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። በ1999 ደግሞ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። በ2003 ለካሊፎርኒያ አገረ ገዢነት ከተወዳደሩት 135 ሰዎች አንዱ ሆኖ 8ኛ ወጣ፤ ብዙው ሰው ግን ይህንንም እንደ ሌላ ቀልድ ነው የቆጠረው። በ2010 ዩታ ውስጥ ቤቱ ወድቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ በ42 ዓመቱ ሞተ።

ሴትዮዋን መምታቱ ስህተት ነው። ተበደልኩ ያለ ሰው ሌላውን የመበደል ፈቃድ አያገኝም፤ እሱም በፍርድ ቤት ተቀጥቶበታል። እኔ ግን ዐይኔን የሚይዘው ከዚያ በፊት ያለው ነው። በሽተኛ የሆነ የ30 ዓመት ሰው ሥራ ላይ ነው። ሰዎች ወደ እሱ የሚመጡት ስሙን ሊጠይቁት ወይም እንዴት ዋልክ ሊሉት አይደለም። የሚመጡት ከ20 ዓመት በፊት የነበረውን ልጅ ፍለጋ ነው። እሱ ደግሞ ያ ልጅ አይደለም። በየቀኑ፣ በየደቂቃው የሌለ ሰው ሆነህ እንድትመልስ ብትጠየቅ ምን ይሰማሃል?

ገንዘቡ፦ የቀለለው ጥያቄ

በልጁ ላይ የተወሰዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ገንዘቡ ነው። ከገንዘቡ ልጀምር፤ ስለ እሱ ሕግ አለና።

ከጋሪ ኮልማን በፊት ጃኪ ኩጋን የሚባል ልጅ ነበር። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» በተባለው ፊልም ተጫውቶ በዓለም ታወቀ። በልጅነቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ ይገመታል። ለአካለ መጠን ሲደርስ ግን ገንዘቡ ማለቁን ተረዳ። በ1938 እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ። ያኔ የካሊፎርኒያ ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚያገኘው ገቢ የወላጆቹ ነው ይል ነበር። በመጨረሻ እጁ የገባው 126,000 ዶላር ብቻ ነው። ሕዝቡ ስለተቆጣ በ1939 ግዛቲቱ የልጅ ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ዛሬም ድረስ በስሙ «የኩጋን ሕግ» ይባላል። ሕጉ ብዙ ቀዳዳ ነበረው፤ ጋሪ ኮልማንንም አላዳነውም። ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ነው የልጁ ገቢ የልጁ ነው ብሎ በግልጽ የደነገገው፤ ቢያንስ 15 በመቶው እስኪያድግ ተዘግቶ እንዲቀመጥም አዘዘ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ሳነብ የገረመኝ የሰዎቹ ስግብግብነት አይደለም። የገረመኝ አሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የደረሰችበት ነገር እኛ ቂርአት ቤት በልጅነታችን የሰማነው መሆኑ ነው። በሱረቱ ኒሳእ መጀመሪያ ላይ ስለ የቲሞች ገንዘብ የታዘዘውን አስታውሱ። ሞግዚቱ ሀብታም ከሆነ ከልጁ ገንዘብ ይቆጠባል። ድሃ ከሆነ በአግባቡ ይጠቀማል። ልጁ ይፈተናል፤ ማስተዋሉ ሲታወቅ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ሲመለስም ምስክር ይቆማል። ልጁ ሳያድግ ቶሎ ቶሎ ብሎ መብላት በተለይ ተከልክሏል። «ሳያድግ ቶሎ ቶሎ» የሚለውን ሐሳብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«ይህማ የየቲም ነገር ነው፤ ወላጅ ግን ይለያል» የሚል አይጠፋም። ልጅም ንብረቱም የአባት እንደሆነ የሚናገረውን ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ አንዳንድ አባት ደሞዛችሁን ሲጠይቅ ይጠቅስባችሁም ይሆናል። አብዛኞቹ ዑለማኦች ግን ይህን ሐዲስ የአባት ሐቅ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚያሳይ አድርገው ተረድተውታል፤ አባት ሲቸግረው ከልጁ ገንዘብ በአግባቡ ይጠቀማል ማለት እንጂ ባለቤቱ ነው ማለት እንዳልሆነ ገልጸዋል። በሐንበሊ መዝሀብ ለአባት ሰፋ ያለ ፈቃድ ቢሰጥም እዚያም ልጁን አለመጉዳት የሚል ገደብ አለ። ማስረጃው ቀላል ነው፦ ወንድ ልጅ ያለው ሰው ቢሞት አባቱ ከውርሱ የሚደርሰው አንድ ስድስተኛ ነው። ገንዘቡ ድሮውኑ የአባትየው ቢሆን ኖሮ ስድስተኛውን መውረስ ምን ትርጉም ይኖረዋል?

ስለዚህ ልጅ በወላጁ እጅ አማና ነው። በአማርኛችን አደራ ነው። አደራ ደግሞ ጠባቂው ስለለፋበት ንብረቱ አይሆንም። የጋሪ ኮልማን ወላጆች ደክመውለት ይሆናል፤ የታመመ ልጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ድካም አደራን ወደ ርስት አይለውጥም።

ስሙና ፊቱ፦ የከበደው ጥያቄ

ገንዘብ በፍርድ ቤት ይመለሳል። ሁለተኛው ነገር ግን የትኛው ዳኛ ያስመልሰዋል? ስሙን፣ ፊቱን፣ ዘንድሮ ማን እንደሆነ ሰው ሳይወስንለት የማደግ መብቱን ማለቴ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ።

ልጄ 7 ዓመቷ ሳለ በአንድ የረመዷን ማታ በኢፍጧር ዝግጅት ላይ ከጁዝ ዐማ አንድ አጭር ሱራ ቀራች። ድምጿ ያምር ነበር። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በስልኬ ቀርጬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ስነሳ ከወሎ እስከ ጂዳ ዘመድ ሁሉ «ማሻአላህ» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ግብዣው በዛ። ሰርግ ላይ፣ ዒድ ላይ፣ በሌላ ከተማ ለመስጂድ ግንባታ ገንዘብ ሲሰበሰብ። እሷ ትቀራለች፣ ሰው ያለቅሳል፣ ከዚያ ኪሱን ይፈታል። በእሷ ድምፅ ብዙ ሶደቃ ተሰብስቧል፤ ይህ ውሸት አይደለም። እኔም አንድ ሳንቲም አልወሰድኩም። ስለዚህ ራሴን ከእነዚያ ወላጆች ጋር በፍጹም አላነጻጽርም ነበር።

11 ዓመት ሲሞላት ከየዝግጅቱ በፊት ሆዷን ያማት ጀመር። ይለፋል ብዬ ዝንጅብል አፈላሁላት። 13 ሲሆናት «አባዬ፣ ይቅርብኝ» አለች። «ኸይር ሥራ ይቅርብኝ ይባላል እንዴ?» አልኳት። 15 ዓመቷ ላይ አንድ ማታ መኪና ውስጥ፣ ከዝግጅት ስንመለስ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያቺን ልጅ ነው። እኔን የሚያውቀኝ የለም።» ዝም አልኩ። ቀጥላ «ስቀራ ለአላህ ይሁን ለካሜራው አላውቅም። ብቻዬን ስሆን መቅራት አቆሜያለሁ» አለች።

ወላሂ፣ መኪናውን ዳር አስይዤ ቆምኩ።

የወሰድኩባት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቁርኣኗን ራሱን ወሰድኩባት ማለት ይቻላል። ኒያ የምትባለው ነገር ገና በልጅነት፣ በስውር፣ ማንም ሳያይ የምትበቅል ናት። እኔ ግን ሳታድግ ቶሎ ቶሎ በላኋት። ለምን እንደበላሁም ታወቀኝ። እዚህ አገር ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ መኪና የሚያስረክበኝ ሰው ፊቴን እንኳ አያይም። ልጄ መቅራት ከጀመረች በኋላ ግን ሽማግሌዎች ተነስተው ይጨብጡኝ ጀመር፤ «የዚያች ልጅ አባት» እባል ጀመር። ገንዘብ አልወሰድኩም፤ ክብር ግን ወስጃለሁ። ከልጄ ክብር እየቆረስኩ ስበላ ነበር። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ፤ አደራ በላ ይባላል።

ቪዲዮዎቹን በማግሥቱ አጠፋሁ። ግን በቴሌግራምና በዋትሳፕ የተበተነውን ማን ይሰበስበዋል? በዚያው ዓመት ዒድ ላይ አንዲት እናት ልጄን አቅፋ ሳመቻትና «ያቺ ትንሿ ቃሪእ አይደለሽም እንዴ? እስቲ ትንሽ ቅሪልን» አለቻት። ሴትየዋ ክፋት የለባትም፤ በፍቅር ነው። ልጄ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች። ፊቷን አየሁት። ያን ጊዜ ያ በጋዜጣ ያየሁት፣ ከጓደኞቼ ጋር የሳቅሁበት ሰውዬ ትዝ አለኝ።

«ታዲያ ወላጅ ምንም አያስተምር?»

ይህን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው ጥሩ ክርክር አነሳብኝ። «ልጅ ካልተገፋ ምን ይማራል? ሶላትንስ ስታስተምራት ፈቃዷን ጠይቀሃል? አሊፍ ባ ስታስቆጥራትስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ወላጅ ለልጁ ብዙ ነገር ሳይጠይቀው ይመርጣል፤ ካልመረጠለት ሌላው ይመርጥለታል።

ብዙ አሰብኩበት፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማስተማርና ማሳየት አንድ አይደሉም። ያስተማርከው ነገር ከልጁ ጋር ይቀራል፤ ያሳየኸው ከልጁ ወጥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። አሊፍ ባ የልጄ ነው፤ ብትፈልግ ትጠቀምበታለች፣ ማንም አይወስድባትም። ቪዲዮው ግን የእሷ አይደለም። ሦስት ጥያቄዎች ደግሞ ሁለቱን ለመለየት ይረዳሉ። ማንም ባያይ ይህን ነገር እንዲያደርግ እፈልግ ነበር? «በቃኝ» ቢል ማቆም ይችላል? ቢያቆም የሚጎድለው ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ? እኔ ሦስቱንም ወድቄያለሁ።

ሌላም ክርክር አለ። «ጋሪ ኮልማን እኮ ባይታይ ኖሮ ማን ያውቀው ነበር? ተጠቅሟል» ይባላል። ተጠቅሞ ይሆናል። በማየታችን የተጠቀምነው ግን እኛም ነን፤ ስለዚህ ተጠያቂነቱ በወላጆቹ ላይ ብቻ አይቆምም። እኛ ሳቅን፣ ወደድነው፣ ከዚያ ሲያድግ ተቀየምነው። በ1999 በዚያች ሌሊት «ወደቀ» ያልነው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ሰውዬው አልወደቀም፤ ሥራ ይዞ ነበር። የወደቀው እኛ በጭንቅላታችን ሰቅለን ያስቀመጥነው ሥዕል ነው። ሥዕሉ እንዳይወድቅብን ሰውየው ሳያድግ እንዲቀር ፈለግን።

ለእናንተ

ይህን ለወላጆቻችሁ ሳይሆን ለእናንተ የምጽፈው በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያቺን ልጅ ናችሁ። ቲቪ ላይ ባትወጡም «የኛ ዶክተር»፣ «ትንሹ ሐፊዝ»፣ «አስተርጓሚያችን» ተብላችሁ ያደጋችሁ አላችሁ። ስም የሰጠን እኛ ነን፤ በስሙ የኮራነውም እኛ ነን። ስሙ ከጠበባችሁ ንገሩን። ጋሪ ኮልማን ከወላጆቹ ጋር የተገናኘው በፍርድ ቤት ነው። እናንተ እዚያ ሳትደርሱ መኪና ውስጥ ልትነግሩን ትችላላችሁ። እንቆጣ ይሆናል፤ «ለፍተን አሳድገን» እንል ይሆናል። የወላጅ ሐቅ ትልቅ ነው፤ አክብሮቱን ሳትለቁ ንገሩን። ስንሰማም አብዛኞቻችን ይህን ያደረግነው በክፋት ሳይሆን በስደት ብቸኝነት መሆኑን አስቡልን። ማስረዳቴ ነው እንጂ ሰበብ ማቅረቤ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በልጅነት የተለጠፈ ስም ዕጣ ፈንታ አይደለም። በዚያው ድራማ ላይ ሦስት ልጆች ነበሩ። እህታቸውን ሆና የተጫወተችው ዳና ፕላቶ በ1999 በ34 ዓመቷ መድኃኒት ከልክ በላይ ወስዳ ሞተች። ታላቅ ወንድሙን ዊሊስን የተጫወተው ቶድ ብሪጅስ በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ወደቀ፣ እስር ቤት ገባ፣ ከዚያ ግን ተነሳ፤ ከሱሱ ከወጣ ብዙ ዓመታት ሆነው፣ ተዋናይነቱንም ቀጥሏል። በ2010 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ «ዊሊስን መግደል» የሚል ነው። ርዕሱ ያስደነግጣል፤ ሐሳቡ ግን ይገባኛል። እሱ እንዲኖር ዊሊስ መሞት ነበረበት። ከሌላ ድራማ ደግሞ ዳኒካ መኬላርን ውሰዱ። «ዘ ወንደር ይርስ» በተባለው ከ1988 እስከ 1993 በታየ ተከታታይ ሰው ሁሉ የሚወዳት ልጅ ነበረች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1998 በሒሳብ ተመረቀች፤ ከአስተማሪዋና ከአንዲት ተማሪ ጋር ያረጋገጡት ቲዎረም በስማቸው ይጠራል፤ ሴት ልጆች ሒሳብ እንዳይፈሩ መጻሕፍት ጽፋለች። ሒሳብ ፊትህን አይቶ አይስቅልህም፤ መልሱ ትክክል ከሆነ ትክክል ነው። ማንም ሳያያችሁ የምትሆኑበት አንድ ቦታ ይኑራችሁ ማለቴ ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች እንዲህ ያለ ቦታ በቀን አምስት ጊዜ ተሰጥቶናል፤ ሌሊቱን ስትጨምሩበት ደግሞ ይሰፋል። እዚያ ላይ ካሜራ አታስገቡ።

ሦስተኛ፣ አሁን ስልኩን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ትንሹ ወንድማችሁ አማርኛ ሲያበላሽ፣ የእህታችሁ ልጅ ሱጁድ ላይ ስትተኛ ትቀርጻላችሁ። ያስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ኢሊኖይ፣ ጋሪ ኮልማን የተወለደባት ግዛት፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ልጆቻቸውን በኢንተርኔት ቪዲዮ እያሳዩ ገንዘብ የሚያገኙ ወላጆች ከገቢው ለልጁ እንዲያስቀምጡ የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ አውላለች፤ ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ተከትላለች። ሕጉ ግን አሁንም የሚያየው ገንዘቡን ነው። ፊቱን የሚጠብቅለት ሰው እናንተ ናችሁ። ከመለጠፋችሁ በፊት ያ ሕፃን 20 ዓመት ሞልቶት ከጎናችሁ እንደተቀመጠ አስቡና ጠይቁት።

ልጄ አሁን 19 ዓመቷ ነው። ይቅር ብላኛለች፤ ይቅር ማለቷ ግን የተወሰደውን አልመለሰውም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። መቅራቱን ለሁለት ዓመት ያህል ትታው ነበር። ምንም አላልኳትም፤ ዝም ማለት በሕይወቴ ከከበዱኝ ነገሮች አንዱ ነበር። በቅርቡ አንድ ቀን ከፈጅር በኋላ ከክፍሏ ድምፅ ሰማሁ። እየቀራች ነው። እግሬ ሳላዝዘው በሯ ላይ ቆመ። በሩን ስትከፍት አገኘችኝ። መጀመሪያ ያየችው ፊቴን አይደለም፤ እጄን ነው። ስልክ ይዤ እንደሆነ ለማየት።

ባዶ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ምንም ሳትል በሩን መልሳ ዘጋች፤ ትንሽ ቆይቶም ከቆመችበት ቀጠለች። እኔ ወደ ሳሎን ሄድኩ።

አላህ በእጃችን ያሉትን አደራዎች ከነሙሉ ሐቃቸው የምናስረክብ ያድርገን። ልጆቻችንን ከእኛ ስግብግብነት ይጠብቅልን፤ እኛንም በእነሱ ይቅርታ ይማረን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።